ከወንዝ በወጣ እንጨት ላይ «አዲስ ፈንገስ ተገኘ» ሲባል ምን ማለት ነው?

«አዲስ የፈንገስ ዝርያ ተገኘ» የሚለው ዜና ብዙ ጊዜ አብሮት የሚወጣው ፎቶ አያምርም። ባለ ጃንጥላ እንጉዳይ የጠበቀ ሰው የሚያየው ቅርፊቱ ተልጦ የጠቆረ ጭራሮ ነው፤ ላዩ ላይ ጥቀርሻ የነካው የመሰለ ነጠብጣብ አለ። «ይህን ነው አገኘን የሚሉት?» ቢል አይፈረድበትም። ነጠብጣቡ ግን ስም ይዞ እስኪወጣ ድረስ የወራት ሥራ አለበት። ከዚያ ሁሉ ሥራ ትንሹ ድርሻ ማግኘቱ ነው። ትልቁ ድርሻ «ይህ ከዚህ በፊት ስም የወጣለት አይደለም» ብሎ ማረጋገጡ ነው።

ፈንገስ ስንል የትኛውን ነው?

በአራተኛው ቀን እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ፣ ሊጥ የሚያቦካው እርሾ፣ በክረምት ሜዳ ላይ ብቅ የሚለው እንጉዳይ፣ ሁሉም ፈንገስ ናቸው። ፈንገስ ዕፅዋት አይደለም፤ ከፀሐይ ምግብ አይሠራም። አካሉ በአብዛኛው ቀጭን ድር ነው። ድሩ ኢንዛይም አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ነገር ያሟሟና የሟሟውን ይመጠዋል። ስፖር የሚባለው ደግሞ የሚራባበት ደቃቅ ዘር ነው።

ውሃ ውስጥ ባለ እንጨት ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ከረጢት ሠሪ ፈንገሶች ናቸው። ስፖራቸውን በደቃቅ ከረጢት ውስጥ ይሠራሉ፤ በአንዱ ከረጢት ውስጥ ብዙ ጊዜ 8 ስፖር ይገኛል። ያው ፈንገስ በሌላ ጊዜ ከረጢቱን ትቶ በቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ስፖር ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱ መልኮች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ይህ ልዩነት በስም አወጣጥ ላይ ያመጣውን ጣጣ ወደኋላ እናየዋለን።

እንጨት ውሃ ውስጥ ከወደቀ በኋላ ምን ይደርስበታል?

የብስ ላይ ግንድ የሚያፈርሱት በዋናነት የእንጉዳይ ዘመዶች ናቸው፤ እነሱ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ውሃ የጠገበ እንጨት ውስጥ ግን አየር ስለሚያጥር መድረኩን ለከረጢት ሠሪዎቹ ይለቃሉ። እነዚህ የሚያደርሱት ብስባሽ ለስላሳ ብስባሽ ይባላል። ድሩ የእንጨቱ ሕዋስ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ገብቶ የሴሉሎስን ክር ተከትሎ ይጓዛል፤ እየተጓዘም ጫፋቸው የሾለ ትንንሽ ጉድጓዶችን በሰልፍ ይቆፍራል። ከውጭ የሚታየው ውጤት ቀላል ነው፤ እንጨቱ ይጠቁራል፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ውስጡ ግን ለረጅም ጊዜ ጠንካራ ሆኖ ይቆያል።

ናሙናው እንዴት ይሰበሰባል?

ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ውፍረቱ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ቅርፊቱ የተላጠና ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ የቆየ ቁራጭ ይመረጣል። ትናንት የወደቀ እርጥብ ቅርንጫፍ አይጠቅምም፤ የተሸከመው የመሬት ፈንገስ ነው። አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ የተቀበረም እንዲሁ ብዙም አይሰጥም። ከአንድ ቦታ ከ50 እስከ 100 ቁራጭ መሰብሰብ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ብዙው ባዶ ወይም የታወቀ ነገር የያዘ ይሆናል።

ቁራጮቹ በላስቲክ ከረጢት ከረጠበ ወረቀት ጋር ይታሸጋሉ። ቀን፣ ቦታ፣ ከፍታና የውሃው ሙቀት እዚያው ይጻፋል። «ቤት ስደርስ እጽፈዋለሁ» የተባለ መረጃ ናሙናውን ዋጋ ያሳጣዋል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ናሙና ለዝርያ መሠረት አይሆንም።

ቤተ ሙከራ ሲደርስ ጭቃው በዝግታ ታጥቦ፣ እንጨቱ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ በረጠበ ወረቀት ላይ ይቀመጣል። ከአንድ ሳምንት በኋላ መታየት ይጀምርና እስከ ሦስት ወር ድረስ ደጋግሞ ይታያል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱ ውሃ ካቆረ ባክቴሪያና ደቃቅ ትል ይወርሰዋል፤ ከደረቀ ስፖሩ ሳይበስል ይቀራል። ትሪኮደርማ የሚባለው አረንጓዴ ሻጋታ ከገባ ደግሞ በጥቂት ቀን ውስጥ ሳጥኑን በሙሉ ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ መፍትሔው የተበከለውን እንጨት ወዲያው ማውጣት ነው። አዝኖ ማቆየት ሌሎቹንም ማጣት ነው።

ውሃ ውስጥ መገኘቱ የውሃ ያደርገዋል?

አያደርገውም። ከጫካ የወደቀ ግንድ የጫካውን ፈንገስ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ባለሙያዎች ነዋሪውን ከእንግዳው ለመለየት ይሞክራሉ። ተደጋግሞ በተለያየ ውሃ ውስጥ መገኘቱ አንዱ ምልክት ነው። ሌላው የስፖሩ አሠራር ነው። አንዳንዶቹ ስፖሮች በሙጫ መሰል ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ውሃ ሲነካቸው የሚተረተርና እንጨት ላይ የሚጣበቅ ክር አላቸው። እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠቀለሉ ስፖሮችም አሉ፤ በጥቅልሉ መሐል አየር ይዘው ይንሳፈፋሉ። እነዚህን ያየ ሰው ፈንገሱ ለውሃ ኑሮ የተዘጋጀ ነው ብሎ ቢገምት አልተሳሳተም፤ ግምት መሆኑን ግን አይርሳ።

በማይክሮስኮፕ ምን ይታያል?

በቀጭን መርፌ ከነጠብጣቡ ትንሽ ተነሥቶ በውሃ ጠብታ ውስጥ መስተዋት ላይ ይቀመጣል። መለኪያው ማይክሮ ሜትር ነው፤ አንድ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የስፖሩ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቀለም፣ የክፍሎቹ ብዛት፣ የተሸከመው ዘንግ ቁመት፣ የከረጢቱ ጫፍ ይለካል፤ ይሳላል፤ ፎቶ ይነሣል።

ሁለት ቀላል ዘዴዎች ብዙ ያሳያሉ። በውሃው ላይ የጥቁር ቀለም ጠብታ ቢጨመር፣ የማይታየው ሙጫማ ሽፋን በጥቁሩ መሐል እንደ ነጭ ክብ ጎልቶ ይወጣል። አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ሲጨመር ደግሞ የአንዳንዶቹ የከረጢት ጫፍ ሰማያዊ ይሆናል፤ የሌሎቹ አይሆንም። ይህ አንዲት ምልክት ብቻዋን ቡድን ትለያለች።

አንድ ስፖር ለክቶ «ርዝመቱ ይህ ነው» ማለት ግን ከአንድ ቤተሰብ አንድ ልጅ ለክቶ የሁሉንም ቁመት እንደመናገር ነው። ቢያንስ 20 ወይም 30 ይለካል። ያልበሰለ ስፖር ከተለካ መጠኑም ቀለሙም ያስታል፤ ከዚህ ስህተት የተወለዱ «አዳዲስ ዝርያዎች» በኋላ ተሰርዘዋል። ሁለት ፈንገስ በአንድ ነጠብጣብ ላይ አብረው አድገው የአንዱን ዘንግ ከሌላው ስፖር ጋር አጋብቶ መግለጽም የታወቀ ጥፋት ነው።

ከአንድ ስፖር ማሳደግ ለምን ያስፈልጋል?

ለዚያው ጥፋት መድኃኒቱ ይህ ስለሆነ ነው። ስፖሮቹ ጎድጎድ ባለ መስተዋት ላይ በንጹሕ ውሃ ይበተኑና፣ በሳህን ላይ በረጋ ጄሊ ላይ ጥቂት ጠብታ ይደረጋል። ጄሊው ከባሕር አረም የሚወጣ አጋር ነው (ከእኛው «አጋር» ጋር የሚያገናኘው ድምፁ ብቻ ነው)። ባክቴሪያ እንዳይቀድም አንቲባዮቲክ ይጨመርበታል። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የበቀለ ስፖር በማይክሮስኮፕ ተፈልጎ፣ ከሥሩ ያለው ጄሊ በጥቂቱ ተቆርጦ ወደ አዲስ ሳህን ይዛወራል።

አዲሱ ሳህን ምግብ ያለው ነው። የተለመደው የምግብ አሠራር፦ 200 ግራም ድንች በ1 ሊትር ውሃ ቀቅሎ ማጥለል፣ 20 ግራም ግሉኮስና ከ15 እስከ 20 ግራም አጋር መጨመር፣ ከዚያ በግፊት ማብሰያ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ማምከን። በ25 ዲግሪ ሲቀመጥ የውሃ እንጨት ፈንገሶች ቀርፋፎች ናቸው፤ በወር ውስጥ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢሰፉ ነው። በሦስት ቀን ሳህኑን የሞላ ነገር ካለ ደስ ሊል አይገባም፤ ከአየር የገባ ሻጋታ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የበቀለውን ስፖር ፎቶ ማንሣት ግዴታ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው። በሳህን ላይ ያደገው ድር ብዙ ጊዜ ስፖር ሳይሠራ ግራጫ ሆኖ ስለሚቀር፣ «ይህ ከዚያ መጣ» የሚለው ማስረጃ ያች ፎቶ ብቻ ናት።

መልክ ካየን አይበቃም?

ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በመልክ ተሠርቷል፤ ውጤቱን ለማየት ስፖሪዴስሚየም የተባለውን ወገን መመልከት ይበቃል። ወገን ማለት የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች የሚሰባሰቡበት ደረጃ ነው። ስፖሪዴስሚየም እ.ኤ.አ. በ1809 ስም ወጣለት፤ መለያው ቡኒ ዘንግ ላይ የቆመ፣ በመስመር የተከፋፈለ ረዘም ያለ ቡኒ ስፖር ነበር። ይህን የመሰለ ሁሉ እዚያው ሲታጎር ኖረ። ዲኤንኤ ሲመረመር አባላቱ በሁለት እጅግ በተራራቁ መደቦች ውስጥ ተበትነው ተገኙ። የሌሊት ወፍን በስሟና በክንፏ ምክንያት ከወፍ ጋር ብንመድባት የምንሳሳተው ስህተት ዓይነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከዚህ ጥርቅም የተወሰነው ተለይቶ ዲስቶሴፕቲስፖራ የሚባል አዲስ ወገን ወጣ። መነሻ የሆነው ዝርያ ፍሉሚኒኮላ ይባላል፤ በላቲን «ወንዝ ነዋሪ» ማለት ነው። የተገኘው በቻይናዋ ዩናን ግዛት ከጅረት በወጣ የበሰበሰ እንጨት ላይ ነው። የወገኑን ስም ያስገኘው የስፖሩ ውስጣዊ አከፋፈል ነው። ሸንበቆን ሰንጥቀን ብናይ አንጓው ላይ ያለው ግድግዳ ከውጭው ልጥ ጋር ተያይዞ ይዘጋል፤ አንዳንዱ ስፖር የሚከፈለው እንዲህ ነው። የባቄላ እሸት ግን ሌላ ነው፤ የውጭው ቅርፊት አንድ ሆኖ እያንዳንዱ ፍሬ በራሱ ልባስ ተጠቅልሎ ለብቻው ይቀመጣል። የዲስቶሴፕቲስፖራ ስፖር እንደ ባቄላው ነው።

ግልጽ መለያ ይመስላል። ነገር ግን ቆይቶ፣ ስፖራቸው እንደ ሸንበቆው የተከፈለ ዝርያዎች በዲኤንኤ እዚያው ወገን ውስጥ ገቡ፤ የወገኑም መግለጫ መሻሻል ግድ ሆነ። ስያሜው ባቄላ፣ ከአባላቱ አንዳንዶቹ ሸንበቆ። ስም አንዴ ከወጣ በኋላ አባላቱ ስሙን ባይመስሉም አይለወጥም።

ዲኤንኤው የሚነግረን ምንድን ነው?

በድሮ ጊዜ ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ እናስብ። አንዱ ሲገለብጥ አንዲት ቃል ዘለለ። ከእሱ ቅጂ የገለበጡ ሁሉ ያችን ቃል ይዘልላሉ። ከእነሱም አንዱ ሌላ ፊደል ያሳስታል፤ ከዚያ የገለበጡትም ሁለቱንም ስህተት ይወርሳሉ። መቶ ቅጂ ጎን ለጎን ዘርግቶ የጋራ ስህተታቸውን የለቀመ ሰው፣ ማን ከማን እንደተገለበጠ የዘር ሐረግ መሣል ይችላል። ዲኤንኤም በአራት ፊደል የተጻፈ፣ ከትውልድ ትውልድ የሚገለበጥ ጽሑፍ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከሳህኑ ድሩን ፍቆ ዲኤንኤውን በማውጣት ነው። ከዚያ የተፈለገው ቁራጭ ብቻ ፒሲአር በተባለው ዘዴ ይባዛል፤ በኮቪድ ምርመራ ስሙን ሁሉም ሰምቶታል። ቱቦው 94 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች ይለያያሉ፤ ወደ 56 ገደማ ሲወርድ መነሻ ምልክቶቹ (የሚባዛው ቁራጭ ከየት እንደሚጀምር የሚያሳዩ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች) ቦታቸውን ይይዛሉ፤ 72 ላይ አዲስ ክር ይሠራል። ይህ 35 ጊዜ ይደጋገማል። በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን አንዱ ቁራጭ፣ ቢያንስ በስሌት፣ ከ34 ቢሊዮን በላይ ይሆናል። የተባዛው ተነብቦ እንደ ፊደል ሰልፍ በኮምፒውተር ይመጣል።

የሚነበበው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። አይቲኤስ የሚባለው ቁራጭ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ዝርያን ከዝርያ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች መታወቂያ እንዲሆን ተመርጧል። ኤልኤስዩ የሚባለው ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ወገንና አስተኔ ይነግራል፤ አስተኔ ከወገን በላይ ያለው ደረጃ ነው። ፕሮቲን የሚያሠሩ እንደ አርፒቢ2 እና ቴፍ1 ያሉ ጂኖችም ይታከላሉ። አንዱ ጂን አንድ ታሪክ፣ ሌላው ሌላ ታሪክ የሚያወራበት ጊዜ ስላለ ምስክር መብዛቱ አይከፋም።

ፊደሎቹ ከዘመዶቹ ፊደሎች ጋር ዓምድ በዓምድ ይደረደራሉ፤ ከዚያ የዘር ሐረጉ ዛፍ ይሣላል። በየቅርንጫፉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ምን እንደሆነ ብዙ አንባቢ ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ከዓምዶቹ በዕጣ እያነሣ ዛፉን ለምሳሌ 1,000 ጊዜ ደግሞ ይሥላል፤ ያ ቅርንጫፍ ከመቶ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደመጣ ነው ቁጥሩ የሚለው። ብዙ ጽሑፎች ከ75 በታች የሆነውን አይቆጥሩትም።

ምን ያህል ልዩነት «አዲስ» ያሰኛል?

በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የባለሙያዎች ምክር ቢያንስ 450 ፊደል ያህል የአይቲኤስ ንባብ እንዲኖርና ልዩነቱ ከ1.5 በመቶ እንዳያንስ ይላል። 550 ፊደል ቢነበብ ስምንት ያህል ፊደል ማለት ነው። ቁጥሩ ሕግ አይደለም። አይቲኤሳቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሌሎች ጂኖቻቸው የሚለያዩ ዝርያዎች አሉ። ፊደል የተለየ የመሰለው በንባብ ስህተት የሚሆንበትም ጊዜ አለ፤ በተለይ በሰልፉ ሁለት ጫፍ ላይ ንባቡ ስለሚደበዝዝ ጫፎቹ ይቆረጣሉ።

ከዚህ የሚብሰው ወጥመድ ማነጻጸሪያው ነው። ጂንባንክ በተባለው የሕዝብ መዝገብ ውስጥ ያለው ስም አስገቢው የሰጠው ስም ነው። አስገቢው ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱ እዚያው ተቀምጦ ሌሎችን ያሳስታል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው የሚያነጻጽረው ከዋናው ናሙና፣ ማለትም ለዝርያው ስም ሲወጣ መነሻ ሆኖ ከተቀመጠው ናሙና፣ ከወጣ ንባብ ጋር ነው። የአንዳንድ አሮጌ ዝርያዎች ዋና ናሙና ግን ዲኤንኤው ጨርሶ አልተነበበም፤ የእነሱን መግለጫ ሚሊ በሚሊ እያነበቡ በመልክ ከማነጻጸር ሌላ መንገድ የለም። ይህን ደረጃ መዝለል አሮጌን ፈንገስ እንደ አዲስ ማጥመቅ ነው፤ ዲኤንኤ የሚያነብ ሁሉ አሮጌ መግለጫ የማንበብ ትዕግሥት የለውም።

ስሙ እንዴት ይጸድቃል?

ስሙ ሁለት ቃል ነው። እኛ ዘንድ የራስ ስም ቀድሞ የአባት ይከተላል፤ በላቲኑ ወገኑ ቀድሞ ዝርያው ይከተላል። ደንቡን የሚያወጣው የአልጌ፣ የፈንገስና የዕፅዋት ዓለም አቀፍ የስያሜ ሕግ ነው። መግለጫው ቀድሞ በላቲን ብቻ መጻፍ ነበረበት፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2012 ጀምሮ እንግሊዝኛም ተፈቅዷል። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ስሙ ከመታተሙ በፊት እንደ ማይኮባንክ ወይም ኢንዴክስ ፈንጎረም ባለ መዝገብ ቁጥር ማግኘት አለበት።

ዋናው ናሙና የግድ ይቀመጣል። እንደ መንግሥት ሚዛን ነው፤ ክርክር ሲነሣ ሁሉም ወደ እሱ ይመለሳል። ፈንገሱ ያለበት እንጨት በሲሊካ ጄል ደርቆ (ጫማ ካርቶን ውስጥ በምትገኘዋ ትንሽ ከረጢት ያለው ነገር) በታወቀ የናሙና ቤት በቁጥር ይገባል። በሳህን የሚያድገው ሕያው ድር ዋና ናሙና ሊሆን አይችልም፤ እያደገ የሚለዋወጥ ነገር መስፈሪያ አይሆንምና። ድሩን ዋና ናሙና ማድረግ ካስፈለገ፣ ማደጉና መለዋወጡ በቅዝቃዜ ወይም በማድረቅ መቆም አለበት።

ከላይ ወዳቆየነው ጣጣ እንመለስ። አንድ ሰው የመጠሪያ ስምና የክርስትና ስም እንዳለው ሁሉ፣ አንድ ፈንገስም ለከረጢት መልኩ አንድ ስም፣ ለዘንግ መልኩ ሌላ ስም ይሰጠው ነበር። ችግሩ ሁለቱ ስሞች እንደ ሁለት ሰው መመዝገባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሜልበርን የተደረገው ጉባኤ ይህን አስቀርቶ ከ2013 ጀምሮ አንድ ፈንገስ አንድ ስም አለው።

ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?

እንጨት ካልበሰበሰ ጅረት በግንድ ይታፈናል። ፈንገሱ ያለሰለሰውን እንጨት የውሃ ነፍሳት ይበሉታል፤ ነፍሳቱን ዓሣ ይበላል። ይህ አንዱ ነው።

ሌላው መድኃኒት ነው። በስፔን፣ ከማድሪድ አቅራቢያ ካለው የሎዞያ ሸለቆ ከኩሬ ውሃ የተለየ አንድ ፈንገስ ፕኒሞካንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ይሠራል። ከዚህ የተሠራው ካስፖፈንጂን እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ፣ ዛሬ በደም ውስጥ የገባ የፈንገስ በሽታ ላለበት ሕመምተኛ በሆስፒታል ይሰጣል። ፈንገሱ መጀመሪያ ዛሌሪዮን አርቦሪኮላ ተብሎ በስህተት ተሰይሞ ነበር፤ በ1999 ዳግም ተመርምሮ አዲስ ወገን ሆኖ ግላሪያ ሎዞየንሲስ ተባለ። በቀድሞ ስሙ ተመርቶ ይመሳሰላል የተባለውን ሌላ ፈንገስ ከመደርደሪያ ያወረደ ሰው መድኃኒቱን አያገኝም ነበር።

በአገራችን ወንዝ ይህን መሥራት ይቻላል?

ለመጀመሪያው ግማሽ ማይክሮስኮፕ፣ ሳጥን፣ አጋርና ትዕግሥት ይበቃል። የዲኤንኤ ንባቡ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ይላካል፤ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የጄኔቲክ ሀብት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የተጠበቀ ስለሆነ፣ ደረቅ እንጨትም ሆነ በቱቦ ያለ ድር ከአገር ከመውጣቱ በፊት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠየቃል። ፈቃዱ ከስብሰባው በፊት ቢጠየቅ ይሻላል። ናሙናው ከተላከ በኋላ የተጀመረ የፈቃድ ጥያቄ ጽሑፉን መጽሔት በር ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

ዜናውን ሳነብ ምን ልፈልግ?

ሦስት ቁጥሮች። የስም መዝገብ ቁጥር፣ የዋናው ናሙና ቁጥር ከተቀመጠበት ቤት ጋር፣ የጂንባንክ ቁጥሮች። ሦስቱም በጽሑፉ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ በመግለጫው አናትና በሠንጠረዥ፣ ይገኛሉ። የመጀመሪያው ከሌለ ስሙ በሕጉ ፊት ገና አልተወለደም።